ከሲማዳ የመጣው የጎታ ቁራጭ

እኔ አንድ ቤት መክረም አይሆንልኝም። ባሌን ከቀበርሁ ወዲህ እግሬ ተፈቷል። ወንዱ ልጄ እስቴ ነው፣ ሴቷ አርብ ገበያ አጠገብ ናት፣ የልጅ ልጄ ደግሞ ከንፋስ መውጫ ወዲያ፣ ነፋስ ከማያርፍበት ደጋ ላይ ተድራለች። አንዱ ጋ ትንሽ እሰነብትና ልቤ ሌላው ጋ ይሄዳል፤ እኔም ልቤን ተከትየው እነሳለሁ። የእስቴዋ ምራቴ በትሬን ሳነሳ ስታይ «ወፊቱ ልትበር ነው» ትለኛለች። በፍቅር ትበለው በምሬት አልጠይቃትም። የምሸከመው አንዲት ቋጠሮ ነው፤ ቅያሪ ቀሚስ፣ ጠበል ያለባት ጠርሙስ፣ ለምሄድበት ቤት ደግሞ ባዶ እጄን እንዳልገባ የምይዛት አንድ ነገር።

ስለዚያች የልጅ ልጄ ነው የማወራው። እናቷ የኔው ልጅ ነበረች፤ ሲማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ተድራ፣ እዚያው ታማ እዚያው ሞተች። ልጅቱ ያን ጊዜ የወተት ጥርሷ እንኳ አልወለቀም። ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ የዳርኋትም እኔ ነኝ። ባሏ ቃሉ ትንሽ፣ እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ሆዷ ሳይታይ ጨነገፈባት። ከሁለተኛው በኋላ ልጠይቃት ስሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኘኋት። እሱ ደጅ ተቀምጦ እርፍ ይጠርባል፤ መጥረቢያው ግን ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ እንጨቱን አይነካውም። ብዙ ቆሜ አየሁት። አላየኝም።

በዘንድሮው ጥምቀት ማግስት ነው ከእስቴ የመጣሁት። የምትወደውን ምስር ይዤላት ነበር። ቋጠሮውን ስፈታው ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ያዘች። ጥሬ ምስር ምን ሽታ አለው? ዓይኗን አየሁት፤ እሷም ዓይኔን አየችውና ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እምዬ፣ እንዳትናገሪ።»

«ማን ያውቃል?»

«እሱ ብቻ።»

«አማትሽስ?»

«እሳቸውም አያውቁ። የፊቶቹን ጊዜ ለሰው ነገርን፤ የሆነውን አየሽ።»

በኛ አገር እንዲህ ነው። ሆድ ራሱ ገፍቶ እስኪናገር አፍ አይናገርም። ክፉ ዓይን አለ፣ ክፉ አፍ አለ፤ ክፉ ያልሆነም ሰው «እሰይ» ሲል ደስታው ራሱ ይከብዳል። የሚጠይቅም የለም፤ ያልተነገረ እርግዝና መጠየቅ ነውር ነው። ሁለት ያጣች ሴት ደግሞ እንዴት አትፈራ? ማርያምን ብዬ ማልሁላት።

ችግሩ አምሮት ነው። ሆዱንስ ሰፊ ቀሚስ ይሸፍነዋል። አምሮትን በምን ይሸፍኑታል? ያማራትን ያጣች ነፍሰ ጡር ፅንሱ ይሸሻታል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። የጎረቤት ወጥ የሸተታት እንደሆነ፣ የተጣላችው ሰው ቤትም ቢሆን፣ ቶሎ ተጨልፎ ይሰጣታል። ግን ለዚያ «ነፍሰ ጡር አለችብኝ» ብሎ መለመን ያስፈልጋል። ባሏ ይህን ሳይል ለማኝ ሆነ።

መጀመሪያ ሎሚ አማራት። ደጋ ላይ ሎሚ ከየት ይመጣል? ቆለኞቹ ይዘው ከሚወጡበት ገበያ፣ አርብ ገበያ ድረስ ወረደላት። ሎሚውን በጋቢው ጫፍ ሲቋጥር የአገሩ ሰዎች አዩትና ያዙት።

«አንተ! ጥምቀት አለፈ እኮ! አሁን የምትወረውርላት ማናት?»

«ለሳል ነው።»

«የማን ሳል?»

«የበሬዬ» አላቸው።

ይህን ሲነግረን እሷ እስክትታነቅ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን በሳቅ አልቀረም፤ አርብ ገበያ አንዲት ኮረዳ ይዟል ተባለ። ጥምቀት ላይ ሎሚ የሚወረውረው ያላገባ ጎረምሳ ነውና፣ ባለትዳር ሰው ሎሚ ቋጥሮ ሲሄድ ሌላ ምን ይባላል? ወሬው እናቱ ዘንድ ደረሰ። ቤቷ እዚያው ግቢ ነው። ትልቅ ድምፅ ያላት፣ ሥራ የማይፈታት፣ ሆዷ ግን እንደ ቅቤ የሆነ ሴት ናት። ደጅ ላይ አቁማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ልጅ ስላላደገላት ነው? እሷ ወዳ ነው? አፈር ብላ!» አለችው።

አንገቱን ደፍቶ ሰማት። ሲገባ «ምነው አንተ፣ ለእናትህ እንኳ ብትነግራት?» አልሁት።

«እማማ፣ ስሜን ነው እንጂ ሌላ ምን ይወስዱብኛል?» አለኝ። ከዚያ ሎሚውን ቆረጠና ጨው ነስንሶ ሰጣት።

የካቲት ሲገባ ሎሚው ተረሳ፤ አፈር መጣ።

ቤቱ ሁለት ቢሆንም ጎታው አንድ ነው። በነሱ ጓዳ በኩል፣ ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ የቆመ፣ ሰው የሚያክል የገብስ ጎታ። አማቷም ገብስ ስትፈልግ የምትቀዳ ከዚያው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ ጋደም ብዬ ቀርጨጭ፣ ቀርጨጭ የሚል ሰማሁ። ዝቅ ብዬ ወደ ጓዳ ሳይ የልጅ ልጄ ከጎታው ሥር ተንበርክካለች።

«ምን እየበላሽ ነው?»

«ምንም።»

ጥርሷ ላይ ጭቃ አለ።

«እበት አለበት እኮ፣ ልጄ!»

«አውቃለሁ» አለች። ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

አልተቆጣኋትም። እኔም እናቷን አርግዤ የምድጃ ጭቃ ፍቄ በልቻለሁ። የዚያን ጊዜ ግን ለእናቴ ነግሬ፣ በሰው ፊት ተቀምጬ ነበር የምበላው። እሷ የምትበላው ተደብቃ ነው፤ የተደበቀ ነገር ደግሞ ልክ የለውም። እያደር ከጎታው ሥር ቡጢ የሚያክል ጉድጓድ ወጣ፤ አንድ ጠዋት ገብሱ ተንዶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

አማቷ ሰፌዷን ይዛ መጥታ አየችው።

«እሜቴ፣ ይችን አይጥ አዩልኝ! ይች እኮ አይጥ አይደለች፣ ጅብ ናት!»

ከጎረቤት ድመት ለምና አመጣች። ድመቷ ጎታውን አሽትታ፣ ዞራ የልጅ ልጄ ጭን ላይ ወጣችና ተኛች። «ድመትም እንደ ጊዜው ሆነች!» አለች አማቷ። ከዚያ በኋላ ባልየው በየማለዳው፣ እናቱ ሳትመጣ፣ ጭቃ አብኩቶ ጉድጓዱን ይደፍነዋል። እሱ የመረገውን ሳይደርቅ ትበላዋለች። እሱ ይመርጋል፣ እሷ ትበላለች፣ እናቱ አይጥ ታሳድዳለች። መጀመሪያ ላይ የሳቅ ነገር ነበር። እየቆየ ግን ፊቷ እንደ ሻማ ሆነ። ደጅ ወጥታ ስትመለስ ልቧ ድው ድው ሲል ቆሜ ይሰማኛል። እሱም ያያል። ምግቡን አስቀምጦ እሷ እስክትጎርስ ይጠብቃል፤ አትጎርስም፤ እሱም አይበላም።

አንድ ቀን «የዚህ አገር ጭቃ አላረካኝም» አለች። «የእናቴ ጎታ ነው ያማረኝ።»

ያን ጎታ አውቀዋለሁ። ልጄ ሲማዳ ጎጆ ስትወጣ አብረን ነው የሠራነው። ቀዩን አፈር ከወንዙ ዳር በአህያ አምጥተን፣ የጤፍ ጭድ ነስንሰን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን በእግራችን ረግጠን፣ ዙር በዙር እያደረቅን አቆምነው። ልጅቱ ስትድህ ያን ጎታ ይዛ ነው ቆማ መሄድ የጀመረችው። አሁን ቤቱ የአባቷ ወንድም ነው፤ ጎታው አርጅቶ አፉ ተሰብሯል፣ ግን ቆሟል።

ይህን ስተርክ ባሏ በትሩን ፍለጋ ዞር ዞር ይላል።

«የት ነው?» አልሁት።

«ሲማዳ።»

«መኪና እኮ ቆሟል!»

«እግር አልቆመም።»

በዚያ ሰሞን መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ማን እንደዘጋው ጠይቆ የሚሄድ የለም። እንኳን ሰው፣ ጨው የጫነ አህያ ከመንገድ ይመለሳል። እሷ እጁን ያዘች። «ቀርቶብኛል፣ ተወው፣ አንተ ትብሳለህ» አለችው። «አምሮሽ እንዴት ይቅር?» አላት። ያስፈሩት አምሮቱ ሳይሆን የፊተኞቹ ሁለት ፅንሶች ናቸው። ያን ጊዜ ያማራትን ሳላመጣላት ቀርቼ ይሆናል ብሎ በልቡ ሲያኝከው ኖሯል። ለእናቱ «ጥማድ የሚሆን በሬ ልይ ነው» ብሎ፣ ቆሎ ቋጥሮ ወጣ።

ዐቢይ ጾም ገብቷል። በማግስቱ አማቷና እኔ ቤተ ክርስቲያን ዋልን። ልጅቱ «ራሴን አሞኛል» ብላ ቀረች። ቅዳሴው ወጥቶ፣ ከቅጥሩ ውጭ ከግራር ሥር ተቀምጠን፣ አማቷ ጫማዋን አራግፋ እግሯን እያሸች ታወራኛለች።

«እሜቴ፣ ያችን አይጥ ዛሬ ሠራሁላት።»

«ምን አደረጉ?»

«ንፋስ መውጫ ገበያ አንዱ በድምፅ ማጉያ የአይጥ መድኃኒት ሲል ሰምቼ ገዛሁ። ዱቄት ላይ ቢያደርጉት አይጥ ብልጥ ናት፣ አትነካውም። ጭቃ ነው እንግዲህ የምትወድ! ስለዚህ ከጭቃ ጋር አብኩቼ ያችን ጉድጓዷን መረግሁላት። ስወጣ ነው ያደረግሁት፤ እርጥብ ነው። ትብላው እንግዲህ!»

በትሬን የት እንደጣልሁ አላውቅም። ተነሥቼ ሄድሁ። ሩጫ አይባልም፤ ጉልበቴ ሩጫ ከተወ ቆይቷል፤ ግን ሄድሁ። ከኋላዬ «እሜቴ! ምነው? ምን ነካዎ?» እያለች ጫማዋን በእጇ ይዛ ትከተለኛለች። ዞሬ አየኋት። ለማን እንደማልሁ አልረሳሁም። አንቱ ማለቱ ግን ጠፋብኝ።

«አይጥ የለም! አይጧ ምራትሽ ናት! ነፍሰ ጡር ናት! ጭቃውን የምትበላው እሷ ናት!»

ፊቷን እስክሞት አልረሳውም። ጫማው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ እኔን አልፋ ሄደች።

ስደርስ አማቷ ጓዳው በር ላይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ወደ ውስጥ መግባት አቅቷታል። እኔ ገባሁ። የልጅ ልጄ ከጎታው ሥር ተቀምጣለች። እርጥቡ ምርጊት ላይ የጣቶቿ ጭረት አለ። አፏ ዙሪያ ጭቃ ነው። ጣቴን አፏ ውስጥ ከተትሁ።

«ትፊ! ትፊ፣ ልጄ!»

«ምን ሆንሽ፣ እምዬ? ይመራል፣ ተፍቼዋለሁ…»

«ውጠሻል?»

«ትንሽ። ትንሽ ነው መሰለኝ። ሽታው ነው ያስቸገረኝ፤ እርጥብ ጭቃ ሸተተኝ…»

አማቷ ያን ጊዜ ጮኸች። ያ ትልቅ ድምፅ አገሩን ሁሉ ጠራው። ሰው ሲሰበሰብ «ምን ሆነች? እባብ ነው?» ይላል። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ «ነፍሰ ጡር ናት! የልጄን ልጅ መርዝ አበላሁት!» ትላለች። በአንድ ጊዜ የደበቅነው ሁሉ ወጣ። በማያምኑት ጎረቤቶች ፊት፣ በተጣሉት ፊት፣ በልጆች ፊት። ወንዶቹ ቃሬዛ አሰሩ። «የሎሚው ነገር ለካ ይሄ ነው» ሲል አንዱ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ያው በገበያው ቀን የሳቀበት ነው፤ የቃሬዛውን የፊት እጀታ የያዘውም እሱ ነው። እመንገዱ ዳር እስክንደርስ ለሌላ ሰው አላሳለፈውም። ከዚያ በባጃጅ ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት ገባን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። «የበላችው መድኃኒት ምንድን ነው? ላስቲኩ የታል?» አለች። አማቷ ላስቲኩን ከጣራው ክፈፍ ውስጥ ሸጉጣው መጥታለች። ማንም ሳይልካት በዚያው ባጃጅ ተመልሳ አመጣችውና ከብብቷ አውጥታ ሰጠች። የልጅቱን ሆድ አጠቡ፣ እንድታስታውክ አደረጓት፣ መርፌ ሰኩላት። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ሐኪሟ ሆዷ ላይ መሣሪያ አድርጋ አዳመጠችና እኔንም አሰማችኝ፤ እንደ ፈረስ ግልቢያ ያለ ድምፅ ነው። «አለ» አለችኝ። «ግን ገና ነው፤ የሚያስፈራው አላለፈም።» ደግሞ የዓይኗን ቆብ ገልባ አየችና «ደሟ እጅግ አንሷል። አፈር ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው? አፈሩ ደምሽን እየጨረሰው፣ የደም ማነሱ ደግሞ አፈር እያስመኘሽ ነው» አለቻት። መድኃኒትና የሚበላ ነገር አዘዘች። «አፈር ከዛሬ ጀምሮ የለም» አለች። የልጅ ልጄ ሰምታ ዓይኗን ጨፈነች። የመርዙን ነገር ስትሰማ ያላለቀሰችው ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

ባሏ በማግስቱ ሐኪም ቤቱ ደረሰ። ከቤት የሰማው አለ። አቧራው እስከ ቅንድቡ ነው። እናቱ በሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው።

«በሬውስ?» አለች። ምን እንደምትል ጠፍቶባት ነው።

ጋቢውን ፈታ። በፌስታል የተጠቀለለ የጎታ ቁራጭ ነው፤ ቀይ፣ ጭዱ የሚታይ፣ ከጎታው አፍ የተሰበረ። ጣቴ ያለፈበትን ጭቃ አወቅሁት። እሱ ግን ቁራጩን አስቀምጦ ከግድግዳው ጋር ተንሸራቶ ቁጢጥ አለ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። በኔ ነው።»

«ምኑ?»

ነገረኝ። ሲማዳ ደርሶ፣ የሚስቱን አጎት ደጅ ላይ አግኝቶ፣ እንግዳ ነውና አስገብተው እግሩን አጥበውታል። አድሮ ሊሄድ ሲል ግን ጓዳ ገብቶ ከጎታው ሲሰብር ያዙት። ከሰው ቤት ተደብቆ አፈር የሚወስድ ሰው ምን ይባላል?

«ልትደግምብን ነው? ማን ላከህ? የቤታችንን አፈር ለማን ልትሰጥ ነው?» ብለው ዱላ አንሥተዋል። ጎረቤት ተጠርቷል። በመጨረሻ ላይ፣ ዱላውን ፈርቶ አይደለም፣ ቁራጩን እንዳይነጥቁት ፈርቶ፣ «ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ የእናቷ ጎታ አምሯት ነው» አላቸው። አጎትየው ዱላውን ጥሎ አለቀሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። ራሳቸው የጎታውን አፍ ሰብረው፣ ደህናውን መርጠው ሰጡት።

«እልል አሉ እኮ፣ እማማ። አገር ሰማ። በዚያው ቀን ነው እሷ እዚህ መርዝ የበላችው። ተናገርሁ፣ ስለተናገርሁ ነው።»

እናቱ ይህን ስትሰማ ከተቀመጠችበት በዳዴ መጣች። እውነቴን ነው፣ በዳዴ። የልጇን ጉልበት ያዘች።

«አንተ ብትናገር ኖሮ እኔ መርዝ አላበላትም ነበር» አለችው። «ጠርጥሬ ነበር እኮ። ስታስታውክ ሰምቼአለሁ። መጠየቅ ነውር ነው ብዬ፣ ራሳችሁ እስክትነግሩኝ ማር አስቀምጬ ስጠብቅ ነበር። ማር! አጠገቧ ማር አስቀምጬ መርዝ መረግሁላት።»

ሁላችንም ያች ልጅ እንድትወልድ ነበር ዝም ያልን።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ አማቷ ያን ጎታ አፍርሳ ጠበቀችን። ጭቃውን ገደል አፋፍ ወስዳ ደፍታ፣ ገብሱን አጥባና አስጥታ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታዋለች። ጓዳው ባዶ ሆኖ ሰፋብን። ትልቁ ድምፅዋም የለም። ምግብ ሠርታ ታመጣለች፤ አስቀድማ ከሁሉም ትቀምሳለች፣ እኛ ፊት፤ ከዚያ ትሰጣታለች። «እማ፣ ይተዉ እንጂ፣ አይቅመሱ» ትላታለች ልጅቱ። አትተውም።

አምሮቱ ግን ሐኪም ተናገረ ብሎ አይሄድም። የከፋው ያን ጊዜ ነው። ልጅቱ እጇን በብብቷ ውስጥ ደብቃ ትቀመጣለች፤ እጇ ራሱ ወደ ግድግዳው እንዳይሄድ። ምራቋ ይሞላል። የሲማዳው ቁራጭ መደቡ ጫፍ ላይ፣ በፌስታሉ እንዳለ ተቀምጧል። «አውጡልኝና ጣሉት» ትላለች፤ ልጥለው ስነሳ «እምዬ፣ ተዪው» ትላለች። ባሏ ያንን ሁሉ መንገድ የሄደው ሊያጎርሳት ነበር። አሁን የሚከለክላት እሱ ነው። ያማራትን ሲከለክላት የመጀመሪያው ነውና አይችልበትም፤ ፊቱን አዙሮ ነው «አይሆንም» የሚላት።

አንድ ማለዳ ቁራጩን አወጣው። ጣሳ ውኃ አመጣ። እሷ ቀና ብላ እያየችው በእጁ ውኃ ዘግኖ ረጨበት። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ የወንዝ ዳር አፈር፣ የጤፍ ጭድ፣ የድሮ ገብስ። ለኔ የሸተተኝ ልጄ ናት፤ ለሷም እንደዚያው ይሆናል። ቁራጩን በሁለት እጁ ይዞ አፍንጫዋ ሥር አቀረበላት።

«አሽቺው» አላት። «መብላት የለም። እስኪበቃሽ አሽቺው።»

አሸተተች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን እየሳበች። መላሷ አንድ ጊዜ ወጣ። እጁን ወደ ኋላ አላለም፣ አልነጠቃትም፤ «ሆዴ» ብቻ አላት። መላሷ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በማንኪያ ማር አጎረሳት፣ ያንን የእናቱን ማር፣ ቀጥሎ የሐኪሟን ክኒን።

ከዚያ ጀምሮ በየማለዳው እንዲህ ነው። ወደ እርሻ ከመውጣቱ በፊት ውኃ ይረጫል፣ ይዞላት ይቀመጣል፣ እስኪያልፍላት አይነሣም። በሬዎቹ ተጠምደው ደጅ ይቆማሉ። የአገሩ ወንድ እያየ ያልፋል። አሁን የሚስቅ የለም፤ ሎሚ ያለው ሎሚ ይዞ ይመጣል፣ ሽንብራ ያለው ሽንብራ። ሆዷም ገፍቶ ራሱ እየተናገረ ነው። ልጁ ይንቀሳቀሳል። አንዳንድ ቀን ግን ዝም ይላል፤ ያን ቀን ቤቱ ሁሉ ዝም ይላል። አማቷ ደጅ ላይ ቆማ፣ ገብታ ሳትጠይቅ፣ የኔን ዓይን ታያለች። ተንቀሳቀሰ ስል ነው የምትሄድ። መርዙ ምን እንደነካው፣ ምን እንዳልነካው የሚያውቅ የለም፤ ሐኪሟም «ሲወለድ ነው የሚታወቀው» ነው የምትል።

እኔ እስቴ መሄድ ነበረብኝ፤ አርብ ገበያም ይጠብቁኛል። ቋጠሮዬ ግድግዳው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እግሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ብሎኛል።

ትናንት የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። ስንፈራው ነበር፤ አገር ሁሉ አፈር አፈር ሲሸት በምን እንይዛታለን ብለን። ነጠብጣቡ አቧራውን ሲመታው ከመደቧ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። ባሏ በሬዎቹን እያስገባ ነበር፤ ጥሏቸው መጣና አጠገቧ ቆመ። የተከፈተ ማሳ፣ የረሰረሰ አጥር፣ ሁሉም ይሸታል። እጇ ወደ ግድግዳው ሲሄድ አየሁት። እሱም አየው፤ ያዘው። ዝናቡ እስኪያባራ ቆሙ።

ከገቡ በኋላ ቁራጩን ከመደቡ አንሥታ አገላበጠችው። በየቀኑ ውኃ እየጠጣ አልቋል፤ የፊት ክንድ ያክል የነበረው አሁን እንቁላል ቢያክል ነው።

«እስክወልድ የሚደርስ ይመስልሃል?» አለችው።

ተቀብሎ አየው፤ በጣቱ መዘነው።

«ካለቀ ሲማዳ አለ። አሁንማ ከፊት በር ገብቼ፣ ጠይቄ ነው የማመጣው።»